ዛፍ ጭነን ወደ ጅማ

ጅማን ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ ልንገረው፤ ጅማ ዛፍ አላጣችም። ይህን የምለው ወሬ ለማሳመር አይደለም። እኔ ወደዚያ አገር የሄድኩት ዛፍ ላደርስላት ስለሆነ ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ የምሠራው በችግኝ ጣቢያ ፎርማንነት ነው። እኛ ዘንድ ወጥ የሚበስለው በኩበት ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ጥድ ያለው ሰው ሀብታም ይባላል፤ ሰፈሩም በጥዱ ይጠራል። በዚያ ክረምት ታዲያ ያፈላነውን የባሕር ዛፍ ችግኝ በሙሉ ጭነን ከጅማ አልፎ፣ ከሰቃ ወዲያ፣ ከወሎ ተነሥተው ለሰፈሩ ወገኖች እንድናደርስ ትእዛዝ መጣ። ሰፋሪዎቹ መሬቱን ሳይጎዱ ከመሬቱ እንዲኖሩ ለመርዳት ነው ተባለ። «ታዲያ ደብረ ብርሃን ራሷ...» ብዬ ጀመርኩ። አለቃዬ ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ጅማ ላይ የሚያልፉ እንግዳ አሉ፤ ሥራችን መታየት አለበት» አለኝ። ደብረ ብርሃን እንግዲህ የሚያያት የለም ማለት ነው።

ሰኞ

ከቤታችን የወጣነው ጉም ውስጥ ነው። የጭነት መኪናችን አሮጌ ኤንትሬ ናት። ሾፌሩ ጋሽ በየነ ከእሷ ጋር አብረው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዳገት ሲመጣ «በርቺ እመቤት!» እያሉ ያባብሏታል። ችግኞቹ አፈር በሞላ ላስቲክ ውስጥ ሆነው ከኋላ ተደርድረዋል፤ እንዳይበርዳቸው ሸራ ለብሰዋል። እኔ ጋቢዬን ቤት ረስቼ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። ጋሽ በየነ ዞር ብለው አዩኝና «ከኋላ ሂድና ከዛፎቹ ጋር ሸራው ውስጥ ግባ፤ እነሱ የመንግሥት ናቸው፤ አንተ የማንም አይደለህም» አሉኝ።

አዲስ አበባ ገብተን አደርን። ስለ አዲስ አበባ የምጽፈው የለኝም፤ የሚጽፉላት ሞልተዋል።

ማክሰኞ

ወሊሶን አልፈን አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ መጣ።

«ምን ጭናችኋል?»

«ዛፍ» አሉ ጋሽ በየነ።

«ወዴት?»

«ወደ ጅማ።»

ጠባቂው ሸራውን ገለጠ። ችግኞቹን አየ፣ እኛን አየ፣ መልሶ ችግኞቹን አየ። «እሺ፣ ከሥሩ ምን አለ?» አለ። አፈር ነው አልነው። አላመነም። ይኼ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከጅማ ቡና ደብቀው የሚያወጡትን ሲያሳድድ የኖረ ነው፤ ወደ ጅማ ዛፍ የሚያስገባ ሰው ግን አጋጥሞት አያውቅም። በጣቱ አፈሩን እየወጋ ብዙ ፈተሸ። በመጨረሻ ሲደክመው «ጤና የላችሁም፤ ሂዱ!» ብሎ ገመዱን ለቀቀው። በዚያ ጉዞ ካገኘኋቸው ሹማምንት ሁሉ ነገሩ በትክክል የገባው እሱ ብቻ ነው።

ወልቂጤ አልቤርጎ ያዝን። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ጉልበታም ሴትዮ፣ ቆጮና ጎመን በአይብ አቀረቡልንና «እናንተስ በላችሁ፣ ልጆቻችሁ ውሃ አይጠጡም?» አሉ ወደ መኪናው እየጠቆሙ። ቧንቧ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ለራሳቸው ከወንዝ በአህያ ያስመጡትን ውሃ ነው ለችግኞቹ ያፈሰሱት። ላመሰግናቸው ብሞክር «ሂድ ወዲያ፣ የተጠማ ተክል ደጃፌ አድሮ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አሉኝ። እሳቸውን ወስዷቸው ይሆናል፤ እኔን ግን ትኋኑ አላስተኛኝም። እኛ ዘንድ ከብርዱ የተነሣ ትኋን የለም፣ ቁንጫ ነው። ቁንጫ ቢያንስ ዘሎ ይሄዳል፤ የወልቂጤ ትኋን ግን ቤቱ ነው፣ የት ይሂድ?

ረቡዕ

ግቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ለፊት ወጋን። ውርጭ የለመዱት ችግኞቼ አንገታቸውን ደፉ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ጋሽ በየነ ክሪክ ሲፈልጉ ክሪኩን ደብረ ብርሃን ለአማቻቸው ማዋሳቸው ትዝ አላቸው። በዚያ ያለፈ የጨው ነጋዴ የራሱን አውርዶ ረዳን። ስንጨርስ ደግሞ ምን እንደጫንን ጠየቀ፤ ስንነግረው በሳቅ ፈንድቶ መንገድ ዳር ቁጭ አለ።

ሲመሽ ሰርቦ ገባን። አንድ ሐጂ የእህል ነጋዴ «መንገደኛ ውጭ አያድርም» ብለው መኪናችንን ከነጭነቷ ግቢያቸው አስገቡ። ጠዋት ብንነሣ ፍየሎቻቸው ጭነቱ ላይ ወጥተው ተጋድመዋል። ባሕር ዛፍ እንኳ አልበሉም፤ ፍየል ባሕር ዛፍ አይነካም፣ ቀምሰው ተፍተውታል። ግን ረግጠው፣ ተኝተውበት፣ ከላይኛው ረድፍ ቀጥ ብሎ የቆመ አልቀረም። ሐጂ ሲያዩ ደነገጡ። «ሱብሐነላህ! የመንግሥት ንብረት! በእንግዳ ፊት አዋረዱኝ!» ብለው የፍየሎቹን መሪ ይዘው ወጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥብስ ሆና ቀረበችልን። ብዙ ሰው በልማት ተጠቅሜያለሁ ሲል እሰማለሁ፤ እኔም የተጠቀምኩት እዚያ ላይ ነው።

ሐሙስ

ጅማን አልፈን ሄድን። መርካቶው በጋሪና በፈረስ ተጨናንቋል፤ ቆመን ገመድ ገዛን፣ ሌላ አላየሁም። ከከተማው ወጥተን ወደ ሰቃ ስንጓዝ ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አጥር የተባለ ነገር ሁሉ ቅጠል አውጥቷል። ሰውየው እንጨት ቆርጦ አጥር አድርጎ ተክሎታል፤ እንጨቱ አጥርነቱን ረስቶ በቅሏል። እኛ ደብረ ብርሃን ዛፍ ተክለን አጥር ይሆንብናል፤ እዚህ አጥር ተክለው ዛፍ ይሆንባቸዋል። ወደ ኋላ ዞሬ ጭነቴን አየሁና አፈርኩ።

ከሰቃ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ሆነና ኤንትሬ ወገቧ ድረስ ገባች። ጋሽ በየነ «በርቺ እመቤት» ቢሏትም እመቤት አኮረፈች። በዚህ መሃል አንድ ጢሙ ሸበት ያለ ሰው ሁለት በሬዎች እየነዳ ብቅ አለ። ሰይድ ይባላል፣ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። «አብሽሩ፣ ይወጣል!» አለና በሬዎቹን በገመዳችን አስሮ ጎተተን። ማታም ቤቱ ካላደራችሁ ብሎ በአላህ ለመነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ። ሰፈራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰዎቹን ባዶ ሜዳ ላይ በረድፍ ማስፈር ነው። ሁለተኛው ስግሰጋ ይባላል፤ ከነባሩ ገበሬ መሬት እየቆረሱ አዲሱን ሰው መሃል ማስገባት። ስሙን ያወጣለት ሰው በበዓል ዋዜማ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚያውቅ መሆን አለበት። ሰይድና ሚስቱ ዘይነባ የተሰገሰጉት አባ ፊጣ ከሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ መሬት ላይ ነው። ማንም ሁለቱንም ወገን አልጠየቀም።

ራት ገንፎ ነበር፣ በቅቤና በኮረሪማ። አባ ፊጣም መጥተው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። «ባጋ ነጋን ዱፍተን» ብለው፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ ማለታቸው ነው፣ የሚቀመጡበትን ዱካ ለእኔ ለቀው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ቡና አገር ነውና ቡና ጠበቅሁ። የመጣው የቡና ቅጠል ፍል ነው። ፍሬው ለመንግሥት ይገባል፤ ለባለቤቱ ቅጠሉ ይበቃዋል። ለነገሩ ጣፋጭ ነው።

ሰይድ ሽማግሌውን «አባቴ» ሲላቸው ሰማሁና ዘመድ ናችሁ ወይ አልኩ። ዘይነባ ከት ብላ ሳቀች።

«ዘመድ አይደል! ጢሙ ከሸበተ በኋላ አውራ ጣት የጠባ እሱ ብቻ ነው፤ ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት!»

«አንቺ ደግሞ፣ ለእንግዳ ይነገራል?» አለ ሰይድ። ግን ነገረኝ።

በመጡበት ዓመት መሬት ሲሰጠው ዳር ላይ ትልቅ ዋንዛ ቆሟል። በእሱ አገር ዛፍ ማሳ ላይ ከቆመ ጠላት ነው፤ ጥላው ጤፉን ያቀጭጫል፣ ወፍ ያሳድራል። ቢስሚላህ ብሎ መጥረቢያውን አነሣና ጣለው። ዋንዛው ላይ ግን የአባ ፊጣ የንብ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። በዚህ አገር ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ የነካ ሰው ቤት የሰበረ ያህል ነው። ሽማግሎች ተቀመጡ። ካሣው ከባድ ነው፤ ሰይድ ደግሞ ከለበሰው ሌላ የለውም። በዚህ ላይ የአባ ፊጣ መሬት የተቆረሰው ለእሱ ነው። ሽማግሎቹ ሲያወጡ ሲያወርዱ ውለው አንድ መላ አገኙ፤ ባዳ ከሆነ ይክፈል፣ ልጅ ከሆነ ግን አባት ከልጁ ካሣ አይቀበልም። ስለዚህ ልጅ ይሁን ተባለ።

«እኛም አገር የጡት ልጅ እንላለን፣ ነገሩ አንድ ነው» አለ ሰይድ። «አባቴ አውራ ጣቱን ማር ነከረና አጠባኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ! አፈርኩ፣ ግን ማሩ ይጣፍጥ ነበር።»

«ነክሶኛል» አሉ አባ ፊጣ በኮልታፋ አማርኛቸው። «ርቦት ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። ልጅ ካደረጉት በኋላ ሽማግሌው ቡና ከጥላ ሥር እንዴት እንደሚያዝ አሳዩት፤ ከላይ ቀፎ፣ ከመሃል ቡና፣ ከታች ኮረሪማ። እሱ ደግሞ ከወሎ ይዞት የመጣውን የእርከንና የቦይ ሙያ ለእሳቸው አዋለ፤ ጎርፍ ይወስድባቸው የነበረው ቁልቁለት ዛሬ አፈሩን ይዟል። ዘይነባ ሳይመሽ ይዛኝ ወጥታ ቡናቸው ያለበትን ተዳፋት አሳይታኝ ነበር። ቡናው ፍሬ ይዟል፤ ገና አረንጓዴ ነው።

«ጥቅምት ላይ ይቀላል» አለችኝ። «የመጀመሪያችን ነው። የባሌ ወንድም ይኼን አገር አልችልም ብሎ በእግሩ ወደ ወሎ ተነሣ፤ ይድረስ አይድረስ አላህ ነው የሚያውቅ። እኔም ስንቄን ቋጥሬ ነበር። ይኼን ፍሬ ሳይ ፈታሁት። እዚህ መቃብሬ ነው ብዬ የወሰንኩት በዚህ ቡና ነው።»

ዓርብ

ጓድ ታደሰ መጣ። የዘመቻው አስተባባሪ ነው፤ ወጣት፣ ካኪ የለበሰ፣ ቦት ጫማው ከእኛ ሁሉ የጸዳ። ስብሰባ የጠራው ሰዉ ለጁምዓ ሶላት በሚሄድበት ሰዓት ነው። አጋጣሚ ነው አለ። ሁልጊዜ ዓርብ የሚያጋጥም አጋጣሚ ነው።

«እሑድ ጠዋት ከበላይ የመጡ እንግዳ በዚህ መንገድ ያልፋሉ» አለ። «ሰፋሪው ያለማውን ደን ማየት አለባቸው። ከመንገድ የሚታየው የሰፋሪ መሬት ያ ተዳፋት ብቻ ነው፤ ችግኙ እዚያ ይተከላል። መጥረቢያ ያለው ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ይምጣ።»

የጠቆመው የሰይድን ቡና ነው። አላስቻለኝም።

«ጓድ፣ ያ ተዳፋት እኮ ደን ነው።»

«እሱ በዘመቻ የተተከለ አይደለም» አለኝ ትዕግሥተኛ አስተማሪ ሆኖ። «በራሱ የበቀለ ነው።»

እንግዲህ በራሱ የበቀለውን ቆርጠን በዘመቻ የሚበቅለውን ልንተክል ነው። ራሱን ችሎ መኖር ለካ ለዛፍም አይፈቀድም! ዙሪያዬን አየሁ፤ የሚስቅ የለም። ሰይድ መሬት መሬት ያያል። ዘይነባ ግን ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች።

«አንድ ጊዜ ከአገሬ ነቀላችሁኝ፣ ዝም አልኩ። አሁን ሥር ስይዝ ደግሞ...»

«ዘይነባ!» አለ ሰይድ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ጓድ ታደሰ ብዕሩን አወጣ። «የማን ሚስት ናት?» ሲል አባ ፊጣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ዋ! ልጄ፣ አንድ ነገር ልበል» አሉ። «ተዳፋቱ ሩቅ ነው። ጭቃ አለው። እንግዳው ጫማቸው ይበላሻል። እዚህ መንገዱ ዳር መስክ አለ፣ ባዶ ነው፣ ሜዳ ነው። ከመኪና ሳይወርዱ ያዩታል። እዚያ ይተከል።»

«መስኩ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ላሞቼ ናቸው የሚግጡት።»

«ታዲያ ለምን ትሰጣለህ?»

«ለልጄ ነው።»

«የቱ ነው ልጅህ?»

ሽማግሌው በምርኩዛቸው ሰይድን አመለከቱ። ጓድ ታደሰ ሽበታሙን ወሎዬ አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ምንም አልገባውም፤ ጫማው ግን ገብቶታል። ብዕሩን ኪሱ መለሰና «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ እንዲህ ሲያስብ ደስ ይላል» አለ። አጨበጨብን።

ከስብሰባው በኋላ ሰይድ የአባ ፊጣን ጉልበት ይዞ «አባቴ፣ ላሞቹስ?» ሲል ሰማሁት። «ተው፣ ተው፣ ተነሣ» ይሉታል። እኔም ቀርቤ፣ ባሕር ዛፍ ውሃ ጠጪ ነው፣ መስክዎ ከዚህ በኋላ ሣር አያበቅልም አልኳቸው። እውነቱን መስማት ይገባቸዋል ብዬ ነው። «አውቃለሁ» አሉኝ። «ጅል መሰልኩህ እንዴ?»

ቅዳሜ

ሲዘንብ ዋለ። ሰዉ ሁሉ ወጣ፤ አገሬውም ሰፋሪውም በአንድ ደቦ ተሰልፎ፣ አንዱ በኦሮምኛ አንዱ በወሎ ዜማ እየዘፈነ ተከለ። ሥራው ያምር ነበር፤ የተሠራው ነገር ባይሆን ኖሮ ደስታዬ ወሰን ባልነበረው። ፍየል የረገጣቸውን ችግኞች በገለባ አስረን አቆምናቸው። ጓድ ታደሰ መንገዱ ዳር ያሉት ረዘም ረዘም ያሉት ይሁኑ አለ፤ ከኋላ ያሉት ቢደርቁም አይታዩም። መስኩን አጥረን ስንጨርስ በሩ ላይ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ዝናቡ ቀለሙን አጠበውና ማታ ላይ «ተፈጥሮን» የሚለው ብቻ ቀረ።

የአባ ፊጣ ላሞች አመሻሽ ላይ ከውሃ ተመልሰው በልማዳቸው ወደ መስኩ መጡ። አጥር ሲያጋጥማቸው ቆሙ። ጋሽ በየነ ከመኪናቸው ወርደው ብዙ አዩአቸውና «እኔ እንዲህ ያለ ጭነት ሁለተኛ አልጭንም» አሉ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። አባ ፊጣ ላሞቹን እያባበሉ ነድተዋቸው ሄዱ። ዘይነባ ያን ማታ ራት ስታቀርብ ጎላ ያለውን ቁራሽ ለእሳቸው አደረገች፤ «አባቴ፣ ይብሉ እንጂ፣ ሞቼ!» እያለች ታጎርሳቸው ነበር።

እሑድ

ከንጋት ጀምሮ መንገድ ዳር ተሰለፍን። ረፋድ ላይ መኪናዎቹ መጡ። ያልፋሉ ስንል መሃለኛዋ ቆመች፤ መስታወቷ እስከ ግማሽ ወረደ። እንግዳው አልወረዱም። ፊታቸው ደክሞታል፣ ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ፊት ነው። መስኩን አዩት። በሰልፍ የቆሙትን ችግኞች አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይ፣ ወደ ተዳፋቱ ሄደ፤ የሰይድ ቡና ያለበት ጫካ በዝናብ ታጥቦ ያብለጨልጫል።

«ያኛው ምንድን ነው?» አሉ።

«ያልለማ ነው፣ ጓድ» አለ ጓድ ታደሰ ቀጥ ብሎ።

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ጥሩ ነው» አሉ መስኩን እያሳዩ። «በሚመጣው ክረምት ይስፋፋ። እስከዚያኛው ድረስ።» በእጃቸው የተዳፋቱን አናት አመለከቱና መስታወቱ ወጣ።

ጓድ ታደሰ ወደ እኛ ዞሮ ማጨብጨብ ጀመረ። ሰዉ አጨበጨበ። ሰይድ አጨበጨበ፤ ዘይነባ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ልሁን። ከአጠገቤ አባ ፊጣም ምርኩዛቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ያጨበጭባሉ። መኪናዎቹ ጠመዝማዛው ጋ ሲሰወሩ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሌላ መስክ የለኝም።»